ለገና ስጦታ ከማእድ ቤት፦ በትንሽ ወጪ እንዴት ይዘጋጃል?

ታኅሣሥ ሲጋመስ የሁላችንም ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ የልጆች ልብስ። ከዚያ ተርፎ ለስጦታ የሚሆን ብር ከየት ይመጣል? ግን ደግሞ በዓመት በዓል እናት ቤት ባዶ እጅ አይገባም። አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ መሥሪያ ቤትም ዕጣ ወጥቶ ስጦታ መለዋወጥ ተለምዷል።

እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሱቅ ለሱቅ መዞሩን ትቼ ሦስት ነገር ብቻ አዘጋጃለሁ፦ የሻይ ቅመም፣ ዳቦ ቆሎ እና ንጥር ቅቤ። ሁሉም ቤት የሚበላ፣ ማንም «ይሄን ደግሞ የት ላስቀምጠው» የማይለው ነው። ከወጪው ይልቅ ራስ የሚያዞረው ቀኑ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የሚፈታው በገና ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን በ28። ጾሙ ስጦታው ውስጥ ምን አገባው? ብዙ። ለጾመኛ እናት ታኅሣሥ 15 ላይ በቅቤ የተሠራ ብስኩት ብትወስዱላት መርቃ ትቀበላችሁና ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጾሙ ሲፈታ ብስኩቱ ከርሟል።

ስለዚህ ከበዓሉ በፊት የሚሰጠው የጾም ይሁን፤ የሻይ ቅመምና በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ። ቅቤው ለዋዜማው ወይም ለበዓሉ ቀን ይቆይ። ውጭ አገር ሆናችሁ ለሥራ ባልደረቦች የምታዘጋጁ ከሆነ የእነሱ ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ ነው የሚውለው፤ ሥራውን ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሙት።

ብልቃጥ ማጠራቀም

የማርማላታ፣ የማር፣ የለውዝ ቅቤ ብልቃጥ ከኅዳር ጀምሮ አትጣሉ። ጎረቤትም ጠይቁ። ዕቃ መደርደሪያ ሥር አምስት ስድስት ባዶ ብልቃጥ የሌለበት ቤት አላየሁም።

ወረቀቱ እንዲለቅ ሙቅ ውሃና ኦሞ ውስጥ አሳድሩት። ሙጫው እምቢ ካለ ዘይት ቀቡትና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እሹት። ከዚያ ብልቃጡን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ድስት ውስጥ ጣዱ፤ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ። የፈላ ውሃ ውስጥ ቀዝቃዛ ብልቃጥ መክተት ማሰንጠቅ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ ጠብ የሚል ውሃ እስከማይቀር ድረስ አድርቁ። ክዳኑን ደግሞ አሽትቱት። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ክዳን ለሻይ ቅመም አይሆንም።

የሻይ ቅመም፦ የሰነፍ ስጦታ

ይሄ እሳት እንኳን አይፈልግም። ብዙ ሰው ለሚሰጥ፣ ጊዜ ለሌለው፣ ምግብ ማብሰል ለማይሆንለትም ይሆናል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ግዙ። የታሸገውን ትንንሽ ፓኬት ከመግዛት ከቅመም ተራ በሚዛን መግዛት በጣም ይረክሳል።

ቀረፋውን በጣት አንጓ ልክ ሰባብሩ። ለአንድ ከረጢት ስምንት ስብርባሪ ቀረፋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሄል ይበቃል። የደረቀ ጦስኝ ካገኛችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩበት። አትፍጩት፤ የተፈጨ ቅመም ሽታው ቶሎ ይሄዳል። ከነጭ ጨርቅ ቁራጭ መዳፍ የምታክል ከረጢት ስፉ፣ አፏን በፈትል እሰሩ። ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ለአንድ ሊትር ሻይ ሁለት ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድ፣ ሦስት ሄል።» አለቀ። አሥር ከረጢት በአንድ ምሽት ይደርሳል።

ዳቦ ቆሎ፦ ዋናው ሥራ

ለአንድ ኪሎ የፊኖ ዱቄት የሚያስፈልገው ስምንት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ዘይትና ወደ ሁለት ኩባያ የሚጠጋ ውሃ ነው። ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። ያዝ እንዲያደርግ ከፈለጋችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ለልጆች ያለ በርበሬ፣ ለትልልቆቹ በበርበሬ አድርጋችሁ ሊጡን ለሁለት መክፈልም ይቻላል።

1. ደረቁን ሁሉ ቀላቅሉ። ዘይቱን አፍስሱበትና በሁለት እጅ እሹት። እፍኝ አድርጋችሁ ስትጨብጡት ቅርጹን ይዞ ከቀረ ዘይቱ ደርሶታል።

2. ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። አንድ ጊዜ ከደፋችሁት ዱቄት ፍለጋ መሄዳችሁ ነው። የሚፈለገው እጅ ላይ የማይጣበቅ ጠንካራ ሊጥ ነው። ጨርቅ አልብሱትና 20 ደቂቃ ይረፍ።

3. እፍኝ እፍኝ እየቆረሳችሁ በመዳፋችሁ አንከባሉት፤ እርሳስ እስኪያክል ይቅጠን። በቢላ ወይም በመቀስ የሽምብራ ፍሬ እያሳከላችሁ ቁረጡ። መቀስ ይፈጥናል። ልጆች ካሉ እዚህ ላይ ጥሯቸው፤ ግማሹን ጥሬውን ሊበሉት እንደሚሞክሩ ግን ካሁኑ እወቁ።

4. ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። አትደራርቡ፤ አንድ ረድፍ ብቻ። ማማሰያው ከእጃችሁ አይጥፋ። አንዱን ዙር ለመቁላት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ምድጃ ካላችሁ በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ ያህል፤ መሃል ላይ እያወጣችሁ ነቅነቅ አድርጉት።

መብሰሉን ዓይን ብቻ አይነግራችሁም፤ ጆሮም ይሠራል። ሲጀመር ምጣዱ ላይ ሲገላበጥ ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ውስጡ እየደረቀ ሲመጣ እንደ ጠጠር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ያኔ አንዷን አውጡና አቀዝቅዛችሁ ስበሯት። መሃሏ ነጭና ለስላሳ ከሆነ እሳቱን ቀንሱና ቀጥሉ። እሳት ጨምሮ ማፋጠን ውጪውን ያሳርራል እንጂ ውስጡን አያደርቅም።

5. ሰፊ ትሪ ላይ በትኑትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የመጀመሪያ ዓመት ጉዴን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ሌሊቱን ስቆላ አምሽቼ እንቅልፌ ሲመጣ ለብ እንዳለ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። ጠዋት ብልቃጡን በነጠላ ጥለት አስሬ አክስቴ ቤት ይዤ ሄድኩ። አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ አደረገች፣ አኘከች፣ ቆየች። «ልጄ፣» አለችኝ፣ «ዳቦውን አምጥተሽ ቆሎውን የት ጣልሽው?» እንፋሎቱ ብልቃጡ ውስጥ ታፍኖ አለስልሶት ነበር። እስካሁን በየገናው ይነሳብኛል። እንዲህ የለሰለሰባችሁ ካለ አትጣሉት፤ ዝግ ባለ እሳት ምጣድ ላይ መልሳችሁ አድርቁትና እንደገና አቀዝቅዙት።

ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ብልቃጡ ትልቀት ስድስት ሰባት ስጦታ ይወጣል። በደንብ ከደረቀና ክዳኑ ከገጠመ ለሳምንታት አይበላሽም፤ ስለዚህ ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ መሥራት ይቻላል። ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ከሆነ ብልቃጡን ተዉትና በወፍራም ፕላስቲክ አሽጉለት። ኪሎ የሚበላው ብልቃጡ ነው።

ንጥር ቅቤ፦ ለእናት ቤት ብቻ

ከሦስቱ ውዱ ይሄ ነው፤ የበዓል ሰሞን ቅቤ ዋጋው አይቀመስም። እኔ ለሁሉም ሰው አልሠራም። ለእናቴና በቅርብ ለማያቸው ሁለት ሰዎች ብቻ፣ በትንንሽ ብልቃጥ። ኪሎ ቅቤ ሲነጠር ኪሎ ሆኖ አይወጣም፤ አረፋውና ውሃው ይቀንሳል፤ ስትሰሉ እሱን አስቡ።

አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ጥልቅ ባለ ድስት ዝግ ያለ እሳት ላይ ይቅለጥ። አረፋው ሲወጣ በጭልፋ እየገፈፋችሁ አውጡ። ከዚያ ጨምሩ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከካ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሸክሸክ የተደረገ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ለቀለም ቆንጠር ያለች እርድ። መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ደረቅ ኮሰረትና በሶብላ። ኮሰረት የሌለበት ንጥር ቅቤ ለእኔ ንጥር ቅቤ አይደለም፤ ሌላውን ማጉደል ይቻላል።

ጾመኛ ከሆናችሁ መቅመስ የለም፤ በመዓዛው ነው የምትፈርዱት። መጀመሪያ የሚያውደው ሽንኩርቱ ነው። ቆይቶ ኮረሪማው ይበልጣል። መንጨርጨሩ ጸጥ ሲል፣ ቅመሙ ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ ከላይ ያለው ዘይት የድስቱን ታች ሲያሳይ አውርዱ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። በስስ ንጹሕ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልሉት። የሽንኩርትና የቅመም ርጋፊ ከቀረበት ቶሎ ይበላሻል። ሳይረጋ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጡ፤ ብልቃጡ ግን እርጥበት እንዳይኖረው። ሳይቀዘቅዝ አትክደኑ። የዳቦ ቆሎውን ታሪክ አስታውሱ።

ማማሰያውንና ጭልፋውን ለይታችሁ አስቀምጡ። የጾም ወጥ በቅቤ ማማሰያ ከተማሰለ እናቶች ያውቃሉ። እንዴት እንደሚያውቁ አትጠይቁኝ።

ማሸጊያና ካርድ

የስጦታ ወረቀት አትግዙ። ያረጀ ነጠላ ጥለት፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ፣ የዱቄት ከረጢት ቡናማ ወረቀት ይበቃል። ጨርቁን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ክዳኑ ላይ አልብሱት፣ በፈትል ሁለት ዙር እሰሩት። ካርዱን ከካርቶን ቁረጡና ልጆች ይሳሉበት። የገና ዛፍ ይሥሉ ይሆናል፣ በግም ይሥሉ ይሆናል። ያው ነው፤ አያት ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ምን እንደሆነና መቼ እንደተሠራ ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ በርበሬ ካለው «በበርበሬ»፣ የጾም ከሆነ «የጾም» በሉ። ጽሑፉ በውሃ እንዳይለቅ በማርከር ይሁን።

የእኔ በጣም ጠንካራ ማርከር ነው መሰለኝ። አምና ለጎረቤቴ የሰጠኋት ብልቃጥ ለጥምቀት ተመልሶ መጣ። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ሚጥሚጣ ሞልታበታለች። ክዳኑ ላይ ግን አሁንም በእኔው እጅ ጽሑፍ «ንጥር ቅቤ፣ ታኅሣሥ 26» ይላል። ባለቤቴ አንድ ቀን ጠዋት ፍርፍሩ ላይ በማንኪያ ዛቅ አድርጎ ጨመረበት።