የኢሜይል ፕሮግራምዎ እንዲታደስ ዓርብ ማታ ይዝጉት

በካዛንቺስም ሆነ በሜክሲኮ አካባቢ ባሉ ቢሮዎች ብዙ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ የላፕቶፑን ክዳን ብቻ ከድኖ ስለሚወጣ፣ አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ ለሳምንታት ሳይዘጋ ይከርማል። አፕዴቱ በራሱ ጊዜ ቢወርድም እንኳ ሥራ ላይ የሚውለው ፕሮግራሙ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት። ሰኞ ጠዋት አውትሉክ ላይ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፊስ አካውንት» ገብተው፣ በ«አፕዴት ኦፕሽንስ» ሥር «አፕዴት ናው» የሚለውን ይጫኑ፤ ተንደርበርድ ላይ ግን ከ«ሄልፕ» ሥር «አባውት ተንደርበርድ»ን መክፈት ይበቃል፣ መስኮቱ ራሱ አዲስ ነገር መኖሩን ይፈትሻል።

ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም፤ ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የደፈነው የዊንዶውስ አውትሉክ የደህንነት ቀዳዳ፣ ተቀባዩ መልእክቱን ሳይከፍተው እንኳ የመግቢያ ማረጋገጫውን ለአጥቂ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ ባትሪው ካልሞላ አፕዴቱን አይጀምሩት። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ፣ አንዳንዶቹ አፕዴቱን ሆን ብለው ያዘገዩታልና። አውትሉክን የያዙትን የኦፊስ 2016 እና 2019 እትሞች የሚጠቀሙ ሰዎች ግን፣ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ አዲስ እትም መሸጋገር ይኖርባቸዋል።