ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ እንዴት ይፈለጋል?

መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የወጣሁት በዓመት ዕረፍቴ ከጓደኞቼ ጋር ነበር። ረፍዶ ተነሥተን፣ የመኪናውን ሙዚቃ ከፍተን፣ እኩለ ቀን ላይ ደረስንና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጅብራው መካከል ወዲህና ወዲያ ስንል ውለን ከቁራ በቀር ምንም ሳናይ ተመለስን። መንገድ ዳር በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ የሆነውን ሲሰማ ሳቀና፣ «ቀበሮውን ከምትከተሉ አይጡ ያለበት ቦታ ለምን አትቀመጡም?» አለን። ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሳ በወጣሁ ቁጥር የምሠራው በዚሁ ምክር ነው።

ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እየበላ ሲሆን፣ የሚያድነውም እንደ ጅብ በሌሊት ሳይሆን በቀን ነው። ጥብቅ ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ አይጦቹም ከጉድጓዳቸው በብዛት የሚወጡት ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ከማደሪያዎ ተነሥተው፣ ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበትን ዳገት መርጠው ይቀመጡ። ቦታው የተመረጠ መሆኑን የሚያውቁት መሬቱን ዝቅ ብለው ሲያዩ ነው፦ ጓሳ በሚባለው ሣር ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ በአፉ ላይ ተቆርጦ የተበተነ ሣር፣ አለፍ ብሎም ፍልፈል የገፋው ገና ያልደረቀ ጥቁር አፈር ካለ ከዚያ አይነሡ።

ሌላው ምልክት ጭላዳ፣ ሣር የሚበላው የደጋ ዝንጀሮ፣ ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን የሚያድሩት በገደሉ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ በመቶዎች እየሆኑ ወደ ሜዳው ይወጡና ተቀምጠው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። መንጋውን ካገኙ ቀበሮውንም የማግኘት ዕድልዎ ከፍ ይላል። እዚሁ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የተሳካለት ግን 25 በመቶው ብቻ ነበር። ቀበሮው ይህን ጥቅም እንዳያጣ ይመስላል፣ በመንጋው መካከል ሲያልፍ ግልገሎቹን ሳይነካ፣ ሳይሮጥ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በዝግታ ይራመዳል፤ ድንገት ቆሞ ጆሮዎቹን ወደ ፊት ሲያቀና ካዩ ዐይንዎን አይንቀሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝላይ ነው። እርስዎም ከመንጋው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ለጭላዳ ዳቦም ሆነ ቆሎ መወርወር ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው።

ከሩቅ የታየ ቀበሮ ሁሉ ቀይ ቀበሮ አይደለም። ቀይ ቀበሮ እግረ ረጅም፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጅራቱም ከሥሩ ነጣ ብሎ ጫፉ ጥቁር ጎፈር የሆነ ነው፤ ተራው ቀበሮ ግን ግራጫነት ያመዝንበታል።

ቀበሮው እምቢ ካለ ወደ ገደሉ አፋፍ መሄድ ነው። ለሳይንስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀችው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው ትንሿ የአንኮበር ወፍ የምትገኘው በእንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነው። ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነች ዝም ብሎ ለሚያይ ከድንጋዩ አትለይም፤ ብር ብላ ስትነሣ ማረፊያዋን በዐይን መከተል ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ሲወጡ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለብርዱም ጃኬት ብቻ አይበቃም፣ የመንዝ ባና ካለዎት ይያዙ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ግድ ነው። የማኅበረሰቡን ጠባቂ ይዞ መሄድም ገንዘብ ማባከን አይደለም፣ ቀበሮዎቹ ትናንት የት እንደዋሉ የሚያውቀው እሱ ነው።

ውሻ ግን በምንም ምክንያት ይዘው አይውጡ። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቤተሰቡን ሁሉ ሊፈጅ ይችላል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የመውለጃቸው ወራት ስለሆነ፣ ጉድጓድ ሲያጋጥምዎ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሳይጠጉ መንገድዎን ቀይረው ይለፉ፤ እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ በዚያ ብርድ ወደ ሌላ ጉድጓድ ልታዛውራቸው ትገደዳለች።