አዲስ ሰው ወደ ቦርድ ጌም ሲጋበዝ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ጨዋታ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በየሰፈሩ ዳማ በቆርኪ ይጫወታሉ፤ ሉዶና ኮንከር በየቤቱ አለ፤ ገበጣ የተጫወቱ ታላላቆችም አይጠፉም። ስለዚህ አንድ እንግዳ ቦርድ ጌም ሞክሮ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ከተነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ጨዋታ ጠልቶ ሳይሆን አቀራረቡ ከብዶት ነው። አቀራረቡ ደግሞ የጋባዡ ሥራ ነው።

እናንተ የምትወዱትን ማውጣት

ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ጨዋታ የጣፈጣችሁ ደጋግማችሁ ስለተጫወታችሁት ነው። ለመጀመሪያ ቀን ከአንድ ሰዓት ብዙ የማያልፍ፣ ጽሑፍ የማይነበብበት፣ ተራ ቶሎ የሚደርስበት ይመረጣል። ካርካሶን ሦስቱንም ያሟላል። 72 ካሬ ካርቶኖች አሉት፤ ባለ ተራው አንዱን ያነሣል፣ መንገድ ከመንገድ፣ ከተማ ከከተማ እንዲገጥም አድርጎ ያስቀምጣል፣ ከፈለገ ላዩ ላይ አንድ ትንሽ የእንጨት ሰው ያቆማል። በቃ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሜዳ ላይ የሚተኙትን ሰዎች፣ ማለትም ገበሬዎቹን፣ ተዉአቸው። ነጥባቸው የሚቆጠረው ጨዋታው ሲያልቅ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው ሲመራ ቆይቶ በምን እንደተሸነፈ አይገባውም።

ካታን በ1995 ጀርመን ውስጥ ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ቦርድ ጌም የለመደው በእሱ ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። ጨዋታው ሳይጀመር እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰፈር የት እንደሚተክል ይመርጣል። ቦርዱ ላይ ያለ መሬት ቁጥር አለው፤ ዳይስ ያን ቁጥር ሲያወጣ አጠገቡ የሰፈረ ሰው የመሬቱን ካርድ፣ ለምሳሌ ጡብ ወይም እንጨት፣ ያገኛል። አዲስ ሰው የሚያየው ግን ሥዕሉን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ሁለት ዳይስ ሲጣል ሊወጡ ከሚችሉት 36 አጋጣሚዎች 6 እና 8 አምስት አምስት ድርሻ ሲኖራቸው፣ 2 እና 12 ግን አንድ አንድ ብቻ አላቸው። 2 እና 12 አጠገብ የሰፈረ ሰው ሌላው ጡብና እንጨት ሲሰበስብ ባዶ እጁን ተቀምጦ ያያል፤ ምርጫው ያለፈ ስለሆነም በኋላ ማስተካከል በጣም ይከብዳል። መመሪያው ውስጥ ለጀማሪዎች የተዘጋጀውን አደራደር ተጠቀሙ። 7 ሲወጣ ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ሰው ግማሹን እንደሚጥልም ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት ንገሩ። ይህን ሕግ ካርዱ ሲሄድበት የሚሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል፣ ቢመስለውም አይፈረድበትም።

ሕጉን በሙሉ አስቀድሞ ማስተማር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የምታነቡ ከሆነ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና ሲደርስ አንድም ሰው ገና አልተጫወተም። ለመጀመር ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሰው በምን እንደሚያሸንፍ፣ በተራ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚያልቅ።

ትኬት ቱ ራይድን እንውሰድ። ዓላማው ባቡር እየዘረጉ መስመር መያዝና በትኬቱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ከተሞች ማገናኘት ነው። በተራ ከሦስት አንዱ ይደረጋል፦ ካርድ ማንሣት፣ መስመር መያዝ ወይም ተጨማሪ ትኬት መውሰድ። የአንድ ሰው ባቡር ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሲቀር ሁሉም አንድ አንድ ተራ ተጫውቶ ያልቃል። ይሄን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የመስመሮቹ ነጥብ ቦርዱ ላይ ስለታተመ በቃል አታስጠኑ። ፊቱ የተገለጠ ሎኮሞቲቭ (በማንኛውም ቀለም ምትክ የሚሆን ካርድ) ያነሣ ሰው ሁለተኛ ካርድ እንደማይወስድም ነገሩ ሲያጋጥም ይነገራል። ሊዘለል የማይገባው ያልተሟላ ትኬት ነጥብ እንደሚቀንስ ነው። ከሚታደሉት ሦስት ትኬቶች ቢያንስ ሁለት መያዝ ግዴታ ነው፤ አዲስ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ይይዝና መጨረሻ ላይ ነጥቡ ይወርድበታል። አንዱን እንዲመልስ ምከሩት።

ቤቱንና ሰዉን አለማየት

በብዙ ቤት፣ በተለይ ወላጆች ባሉበት፣ ካርታና ዳይስ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቁማር ነው። ክርክር አያስፈልግም፤ ካርካሶን ወይም ባለ ቀለም ጠጠር የሚደረደርበትን አዙል አውጡ፣ ዳይስም ካርታም የላቸውም። «የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል» የሚለውም ይቅር። ታላቅ ሰው ሲሳሳት «እንደዚያ አይቻልም» ከማለት «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቢያደርጉት መንገዱ ይገጥምልዎታል» ማለት ይሻላል። ሕጉም ይነገራል፣ አክብሮቱም አይጎድልም።

የሰው ቁጥርም ያሳስታል። ለ9 ሰዓት አራት ሰው ትጠራላችሁ፤ 10 ሰዓት ላይ ስድስት ሆነው ይመጣሉ። ካታን ያለ ማስፋፊያ ለሦስት ወይም ለአራት ብቻ ነው፤ የተረፉት ሁለቱ ስልካቸውን ያያሉ። ለዚህ ቀን ኮድኔምስ፣ በሁለት ቡድን ሆኖ በመሪ ፍንጭ ቃል የሚገመትበት ጨዋታ፣ ያስፈልጋል፣ ግን እንግሊዝኛውን ሣጥን አታውጡ፤ ጨዋታው የቋንቋ ፈተና ሆኖ ቃሉን የማያውቅ ሰው አፍሮ ዝም ይላል። በአማርኛ ራሳችሁ ሥሩት። ከካርቶን መቶ ያህል ትንንሽ ካርድ ቁረጡ፣ በእያንዳንዱ አንድ ስም ጻፉ። እንደ ዋና፣ ገና፣ ቀለም ያሉ ሁለት ትርጉም ያላቸው ቃላት ይብዙ። ሁሉም የምግብ ስም ከሆነ አንዱ ፍንጭ ሁሉንም ይነካና ጨዋታው ይበላሻል። 25ቱን አምስት በአምስት ደርድሩ። ሁለቱ መሪዎች ብቻ የሚያዩት ቁልፍ ደግሞ በወረቀት ላይ ይሣላል፦ 9 ቤት ለጀማሪው ቡድን፣ 8 ለሌላው፣ 7 ባዶ፣ 1 ደግሞ የነካው ቡድን ወዲያው የሚሸነፍበት ጥቁር። መሪው ፍንጭ የሚሆን አንድ ቃልና ፍንጩ ስንት ካርድ እንደሚነካ የሚገልጽ አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። አንዱን ቁልፍ አራት አቅጣጫ እያዞሩ መጠቀም ስለሚቻል አምስት ወረቀት ለብዙ ቀን ይበቃል።

በሌላው ፋንታ ማሰብ

ፓንደሚክን በመሰሉ፣ ሁሉም ባንድ ወገን በሚሰለፍባቸው ጨዋታዎች፣ የሚያውቀው ሰው ሳያስበው የሁሉንም ተራ ይጫወታል። እንግዳው የሚቀርለት ዕቃ ማንቀሳቀስ ነው። ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ፤ ስትጠየቁም ሁለት አማራጭ አሳዩና ምርጫውን ለእሱ ተዉለት። የዳማ ሰፈር ፉከራም ደስ የሚለው ለሚተዋወቁ ነው፤ ገና ሕግ በሚማር ሰው ላይ አይሠራም።

ፍቅር ሐይቅ ዳር መጫወት ያምራል። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ካርድ ይበትናል፣ ጦጣዎቹም ቆሎ ያለበትን ጠረጴዛ ያውቃሉ። እዚያ እንደ አዙል ከበድ ያለ ጠጠር ያለው ይሻላል፤ ምግቡ አስቀድሞ ይበላ፣ እጅም ይታጠብ።

«ድገሙኝ» ሲባል አዲስ ሣጥን መክፈት ሌላው ስህተት ነው። እንግዳው የፈለገው አሁን የገባውን ጨዋታ በሙሉ ዓይኑ እያየ መጫወት ነው። ያንኑ ካርካሶን ዘርጉ፤ የተተዉትን ገበሬዎች በዚህ ዙር ጨምሯቸው።