ሜልቦርን አዲስ ለገባችሁ፦ ስለ ፉቲና ስለ ጂም ስታይንስ

ሥራ በጀመራችሁ ሰሞን አንዱ መጥቶ «የማን ደጋፊ ነህ?» ማለቱ አይቀርም። አርሰናል ወይም ማንቼ ብላችሁ እንዳትመልሱ። ሰውየው የሚጠይቀው ስለ ፉቲ፣ ማለትም ስለ አውስትራሊያውያን የራሳቸው እግር ኳስ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል፣ በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር የገባ 6 ነጥብ ነው፣ በጎን ያለፈ ደግሞ 1። ለጊዜው ይሄ ይበቃችኋል።

ከሕጉ ይልቅ የፉቲ ተጫዋቹን የጂም ስታይንስን ታሪክ ብታውቁልኝ ደስ ይለኛል። እሱም እንደኛ መጤ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የደብሊን ልጅ ነው። ክብ ኳስ ሲጫወት አድጎ በ1984፣ በ18 ዓመቱ፣ የሜልቦርን ክለብ ያወጣውን የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ መጣ። ሞላላውን ኳስ መምታት ከዜሮ ነው የተማረው። ዋናው ቡድን የገባው በ1987 ሲሆን ያኔውኑ ክፉ ቀን ገጠመው። ክለቡ ከ1964 ወዲህ ያላየውን ፍፃሜ ሊገባ አንድ ምት ብቻ ቀርቶት ሳለ፣ የተጋጣሚው የሃውቶርን ክለብ ተጫዋች ሊመታ ሲዘጋጅ ጂም በማይታለፍበት ቦታ ሮጦ አለፈ። ዳኛው መቺውን 15 ሜትር ወደ ጎሉ አስጠጋው። የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ከጮኸ በኋላ ኳሱ ገባ፣ ሜልቦርን በ2 ነጥብ ተሸነፈ።

በሰው አገር፣ ያን ሁሉ ሕዝብ አሳዝኖ ማግስቱን መንቃት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። እሱ ግን ልምምዱን ቀጠለ። በ1991 የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ብራውንሎው ሜዳልያን ወሰደ። እስከ 1998 ድረስ 244 ጨዋታ በተከታታይ ተጫወተ፣ አንድም ሳያመልጠው! እኔን ከሜዳልያው በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በ1994 ሪች የሚባል የወጣቶች ድርጅት ከጓደኛው ጋር አቋቋመ፣ በ2008 ደግሞ በዕዳ የተያዘውን የድሮ ክለቡን በፕሬዝዳንትነት ተረከበ። ካንሰር በ2012፣ በ45 ዓመቱ ወሰደው። መንግሥት በክብር ቀበረው። ያራ ወንዝ ዳር፣ ዶክላንድስ አካባቢ፣ በስሙ የተጠራ የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ሄዳችሁ ተራመዱበት።

ልጆች ካሏችሁ ኦስኪክ (ለልጆች የተዘጋጀ የፉቲ ፕሮግራም) አስመዝግቧቸው፣ ጓደኛ ቶሎ ያገኛሉ። ክለብ መምረጥ ከቸገራችሁና ፉትስክሬይ አካባቢ ከሆናችሁ ቡልዶግስ የሰፈራችሁ ቡድን ነው። እኔ በጂም ምክንያት የሜልቦርን ነኝ።