በትንሽ ትራክተር የዛፍ ሥራ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ግቢ ላለው ሰው ትልቅ ረዳት ነው። ግንድ ይጎትታል፣ ቅርንጫፍ ይሰበስባል፣ ሣር ያጭዳል፣ የተበላሸ መንገድ ያስተካክላል። ሰው ግን ትንሽነቱን ያይና ይዘናጋል። ያየኋቸው አደጋዎች አብዛኞቹ የመጡት ሰንሰለቱ የት እንደታሰረና ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ልብ ካለማለት ነው። ስለዚህ ከባሰው ልጀምር።

ሰንሰለትን ከፍ አድርጎ ማሰር። ይሄን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውየው ጉቶ ሊነቅል ይመጣል። ከትራክተሩ ኋላ ዝቅ ብሎ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መጎተቻ ብረት አለ። እሱን ትቶ ሰንሰለቱን ከመቀመጫው ጀርባ በቆመው ቅስት ላይ፣ ወይም የእርሻ መሣሪያ በሚያያዝበት የላይኛው መያዣ ላይ፣ አንዳንዱም የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስል ላይ ይጠመጥመዋል። ለምን ስትሉት «ከፍ ሲል ግንዱን ያነሳልኛል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ያነሳለታል። የራሱን ትራክተር ፊትም አብሮ ያነሳዋል። ጭነቱ አልነቃነቅ ካለና የኋላ ጎማው መሬቱን ነክሶ ከያዘ፣ ሞተሩ ጎማውን ማዞር ሲያቅተው የትራክተሩን አካል በአክስሉ ዙሪያ ወደኋላ ይጠቀልለዋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የሌለበት ደረጃ ለመድረስ የሰከንድ ሦስት አራተኛ ያህል ይበቃል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ትራክተሩ በጀርባው ነው፣ ነጂው ደግሞ ከሥሩ። «ሲነሳ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀበሉት፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ነገሩ ያልቃል።

አንድ ጊዜ አንድ ልምድ ያለው ሰው እንዲህ አስሮ ሲጎትት ዳር ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰንሰለቱ ተወጠረ። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተላቀቁና ከጥርሳቸው መሃል ጭቃ ይራገፍ ጀመር። ትራክተሩ ወደላይ መሄዱን አላቆመም። ያዳነው አሮጌው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ተበጠሰና ፊቱ ዱብ ብሎ ወረደ። ሰውየው መሪውን እንደጨበጠ ለረጅም ጊዜ ከመቀመጫው አልተነሳም። ሰንሰለቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እና እባካችሁ፣ የሚታሰረው ከኋላ አክስሉ መሃል በታች፣ መጎተቻው ብረት ላይ ብቻ ነው። የግንዱ አፍ መሬት እየቆፈረ ካስቸገረ ከሥሩ መንሸራተቻ አድርጉለት። ጉቶ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ሥሩን ቁረጡ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሰንሰለቱን አላልቶ በመንደርደር መንጨቅ ሰንሰለቱንም ትራክተሩንም ይሰብራል። የሚለጠጥ የናይሎን ገመድ ደግሞ ሲበጠስ ተፈናጥሮ ሰው ይመታል፤ ሰው ሁሉ ከአካባቢው ይራቅ።

ቅስቱን አጥፎ መርሳት። ሮፕስ የሚባለው ያ ከጀርባችሁ የቆመው ብረት ትራክተሩ ሲገለበጥ ሕይወታችሁን የሚያተርፍ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገደደች፣ በመገልበጥ የሚሞተው ሰውም በጣም ቀነሰ። ሰው ግን በቅርንጫፍ ሥር ለማለፍ ያጥፈውና ሳይመልሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ቅስቱ ቆሞ ሲሆን ቀበቶ ይታሰራል። ቀበቶ ካላሰራችሁ ተወርውራችሁ ከሥሩ ትገባላችሁ። ቅስቱ ታጥፎ ከሆነ ግን ቀበቶ አይታሰርም።

ከፊት ጭኖ ከኋላ ባዶ መሄድ። ገና የተቆረጠ እርጥብ ግንድ ከባድ ነው። ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ከሆነ የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ክብደቱ ወደ 1000 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ እንግዲህ ወደ 600 ኪሎ ሊጠጋ ነው። የብዙ ትናንሽ ትራክተሮች የፊት ክንድ ይህን አይችልም። መመሪያው ላይ የምታነቡት የማንሳት አቅምም ብዙ ጊዜ የሚለካው ባኬቱ ከክንዱ ጋር በሚያያዝበት ፒን ላይ ነው፤ ግንዱ ሹካ ላይ ግማሽ ሜትር ወደፊት ሲወጣ አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ ነገር አንጠልጥሉ፣ ጭነቱንም ዝቅ አድርጋችሁ ተጓዙ። ግንዱን ከፍ አድርጎ በጎን ተዳፋት ላይ መታጠፍ በቀጥታ መገልበጥ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ከፊት ጭናችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የኋላው ይቀላል፣ ጎማው መሬት መንከስ ያቆማል፣ ፍሬን ብትረግጡም ትራክተሩ ይንሸራተታል። የፊት ጎማውን የሚያሠራውን ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። አራቱም ጎማ ከተያያዘ የፊቶቹም አብረው ይይዛሉ።

የቆመ ዛፍ በባኬት መግፋት። አታድርጉት። የደረቀ ቅርንጫፍ ከላይ ተሰብሮ የሚወድቀው ነጂው ላይ ነው፣ ከላይ የሚሸፍን ጠንካራ ጣሪያ ያለው ትንሽ ትራክተር ደግሞ ብዙ የለም። ዛፍ በገመድ ስትስቡም ገመዱ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ይሁን፤ አጭር ገመድ ዛፉን እናንተ ላይ ያመጣዋል።

በባኬቱ አንድ ጥግ ጉቶ መፈንቀል የሃይድሮሊኩን ዘንግ ያጣምማል። ውድ ነው።

ልጅን ጭን ላይ ይዞ መንዳት፣ ሰውን በባኬት አንስቶ ቅርንጫፍ ማስቆረጥ፦ ሁለቱም በፍጹም።

ከኋላ የሚወጣው፣ የሞተሩን ኃይል ወደተያያዘው መሣሪያ የሚያስተላልፈው የፒቲኦ ዘንግ። ብዙዎቹ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራሉ። በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ማለት ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጫማ ክር ከያዘ እጃችሁን ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም። መሸፈኛው ከተሰበረ ሳይጠገን ሥራ አይጀመር። የተዘጋ ቅርንጫፍ መፍጫ ለማጽዳት ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን በኪሳችሁ ያዙ፣ መሽከርከሩ እስኪቆም ጠብቁ። ጫና ሲበዛ እንዲሰበር የተደረገውን ቡሎን በጠንካራ ቡሎን የሚተካ ሰውም አለ። እሱ ቡሎን መሰበሩን ስለጠላ የማርሽ ሳጥኑን ይሰብራል።

በጫካ ውስጥ ስትነዱ ደግሞ ትራክተሩን ራሱን ጠብቁት። ቀጭን ቅርንጫፍ ከሥር ገብቶ የሃይድሮሊክ ቱቦ ይነቅላል፣ ቅጠልና ፍርፋሪ ራዲያተሩን ይደፍናል። የሙቀት ጠቋሚው እስኪወጣ አትጠብቁ፣ በየመሃሉ ወርዳችሁ አጽዱ።

ቱቦው ካፈሰሰ የሚያፈስበትን ቦታ በእጃችሁ አትዳስሱ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ከዓይን በማይታይ ቀዳዳ ወጥቶ በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። መጀመሪያ መርፌ የነካችሁ ያህል ነው፣ ብዙም አያምም፣ ለዚህ ነው ሰው ንቆት የሚውለው። ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊቱን አርግቡ፤ ፍሳሹን መፈለግ ካለባችሁ በካርቶን ፈልጉ። ከገባባችሁ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና በግፊት የወጣ የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ካልነገራችሁት ሊያልፈው ይችላል።