ሁሉን ያሰማል የተባለ ጊታር ስንሞክር የምንሳሳተው

አንዱን ጊታር ሁለት ሰው ይሞክረዋል። አንዱ «በቃ፣ ሌላ ጊታር አያስፈልገኝም» ይላል። ሌላው «ነፍስ የለውም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ብዙ ጊዜ ግን የፈረዱት በጊታሩ ላይ ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው። ከጃዝ እስከ ሜታል ያስጫውታል የሚባለው ዘመናዊ ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ፍርድ የተመቸ ነው።

በዲስቶርሽን መጀመር

ጊታሩን ሰክቶ ወዲያው አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ማስጮህ ደስ ይላል። እኔም አደርገዋለሁ። ግን ዲስቶርሽን፣ ያ የሚሻክረው ድምፅ፣ የጊታሮችን ልዩነት ይሸፍናል። መጀመሪያ ንጹሕ ድምፅ ላይ አድርጉት። አንድ ክር ምቱና እስኪጠፋ ጠብቁ። ቶሎ ይሞታል? ከላይኞቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች) አንዱ ላይ ብቻ ይታፈናል? ይኼ በጩኸት ውስጥ አይሰማም። ከተቻለ ደግሞ የራሳችሁን አምፕ፣ ወይም ቢያንስ የምታውቁትን ዓይነት ተጠቀሙ።

ከሃምባከር ውስጥ ስትራቶካስተር መፈለግ

ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከሃምባከር የፌንደሩን ጊታር የስትራቶካስተርን ድምፅ ከመጠበቅ። ሃምባከር የፒካፕ ዓይነት ነው፤ ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት። አንዱ የሌላውን «እምምም» የሚል የመብራት ድምፅ ያጠፋል። ኖቡን (የሚዞረውን ቁልፍ) ሳብ ስታደርጉ ወይም ስዊቹን ስትቀይሩ አንዱ ጥቅል ይዘጋል፤ ኮይል ስፕሊት የሚባለው ይኼ ነው። ድምፁ ይቀጥናል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ «እምምም»ም ይመለሳል። ጊታሩ ተበላሽቶ አይደለም።

ያም ሆኖ እንደ ስትራቶካስተር ፒካፕ እውነተኛ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) አይሆንም። የጥቅሉ አሠራርና ማግኔቱ ይለያያል። ቮሊዩም ኖቡም የራሱ ድርሻ አለው። ለሲንግል ኮይል የተለመደው 250 ኪሎ ኦም ነው፤ ለሃምባከር 500፣ እሱም ድምፁን ያበራዋል። ስለዚህ «ይመስላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ለምጫወተው ነገር ይሠራል ወይ?» በሉ።

በመሃል ላሉት የስዊች ቦታዎችም ጊዜ ስጧቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ስዊቹ ሦስት ደረጃ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ግን ስዊቹን በሁለት ደረጃ መካከል እያቆሙ ሁለት ፒካፕ ባንድ ላይ ያሰሙ ነበር። አምራቹ ፌንደር ባለ አምስት ደረጃ ስዊች የገጠመው በ1977 ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማሳልፈው እነዚያ መሃል ላይ ነው።

ያልተስተካከለ ጊታር ላይ መፍረድ

አንድ ጊዜ አንዱን ጊታር «ዝዝ ይላል፣ አንገቱ አይረባም» ብዬ ተውኩት። ጓደኛዬ ወሰደው። ዝዝ የሚለው መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ብቻ ነበር። ባለሙያው አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሩብ ዙር አላላው፣ ክሮቹን ቀየረ፣ አለቀ። በሳምንቱ ስጫወተው ያው ጊታር መሆኑን ለማመን ቸገረኝ። እስካሁን ይቀልድብኛል።

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በፍሬቱና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለብዙ ሰው ይመቻል። ከዚህ በጣም ከራቀ የተሰማችሁ ድካም የጊታሩ ላይሆን ይችላል። ፒካፑ ለክሩ በጣም ከቀረበም ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ቅኝቱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ሁለት ብሎን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ተንሳፋፊ ትሬሞሎን እንደ ቋሚ ብሪጅ ማየት

«ቅኝት አይይዝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ብሪጅ ክሮቹ በሰውነቱ ላይ የሚያርፉበት ክፍል ነው፤ ትሬሞሎ ደግሞ ብሪጁን በዘንግ እያንቀሳቀሱ ቅኝቱን የሚያወዛውዙበት ነው። ተንሳፋፊ ብሪጅ በክሮቹና በጀርባው ባሉት ስፕሪንጎች መካከል ሚዛን ጠብቆ የቆመ ነው። ከ9 ቁጥር ክር ወደ 10 ቁጥር፣ ማለትም ወደ ወፈረው፣ ስትቀይሩ ክሮቹ ያሸንፋሉ፣ ብሪጁም ወደፊት ያጋድላል። አንዱን ስትቃኙ ሌላው ይወርዳል። ያናድዳል። ስፕሪንጎቹን ጠበቅ ማድረግ ነው መፍትሔው። ትሬሞሎ የማትነኩ ከሆነማ ቋሚ ብሪጅ ያለውን ውሰዱ።

ስዊች መቁጠር

አሥር ድምፅ ያለው ጊታር ላይ ሦስቱን ነው የምትጠቀሙት። ሦስቱ ጥሩ ይሁኑ።

አክቲቭ (በባትሪ የሚሠራ) ፒካፕ ካለው ደግሞ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉት። ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ሲያልቅ ያድራል።

ቮሊዩሙን 10 ላይ መርሳት

አምፑን ድምፁ ትንሽ እስኪሻክር ክፈቱት፣ ከዚያ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 6 አውርዱት። ድምፁ ጠርቶ ለስለስ ካለ፣ አንድም ስዊች ሳትነኩ ሁለተኛ ጊታር አገኛችሁ። ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ከታፈነ ግን ቮሊዩም ኖቡ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፍ ትንሽ ካፓሲተር (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ማስበየድ ነው። ቀላል ሥራ ነው፤ እኔ ከገዛኋቸው ሁለቱ ላይ አሠርቻለሁ።