ዓለት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ከተሞች፦ ከአዳማ ተነሥተው ኦርቪዬቶንና ቺቪታን ለማየት

ከአዳማ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሥልጠና ወይም ለመሳለም ሮም የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሮምን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሁለት ቀን ትርፍ ካለዎት ከሮም በስተ ሰሜን ካሉት ሁለት ጥንታዊ ከተሞች አንዱን ቀን ለኦርቪዬቶ፣ ሌላውን ለቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ይስጡ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክር ቀኑን አውቶቡስ ሲጠብቅ ያሳልፋል።

አስቀድመው ድንጋዩን ይወቁ፤ ሁሉም ነገር ከእሱ ይጀምራል። ከተሞቹ የቆሙበት ዓለት ቱፎ ይባላል። ከቦልሴና ሐይቅ አካባቢ የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመድ ረግቶ የጠነከረ ነው፤ አዳማ ዙሪያ ለብሎኬት ለሚቆፈረው ፑሚስ የቅርብ ዘመዱ ነው። በቀላሉ ስለሚፈለፈል የኦርቪዬቶ ሰዎች ከቤታቸው ሥር ጓዳ፣ የውኃ ጉድጓድና የርግብ ቤት ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ የታወቁት ዋሻዎች ብቻ ከ1,200 ይበልጣሉ። ከቱፎው ሥር ያለው ግን ሸክላ ነው። ዝናብ ሸክላውን ሲያጥበው ከላይ ያለው ዓለት መሠረት አጥቶ ይገመሳል።

ወደ ኦርቪዬቶ ከሮማ ተርሚኒ ጣቢያ ሬጅዮናሌ የሚባለውን ባቡር ይያዙ፤ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። ፈጣኖቹ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ አይቆሙበትም። የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። የወረቀት ትኬት ከመሳፈርዎ በፊት በጣቢያው ማሽን ካልታተመ፣ ከፍለውም ቢሆን ይቀጣሉ። በሰሌዳው ላይ ከመስመር ቁጥሩ ጎን «ኤስት» የሚል ቃል ካዩ፣ ያ መስመር ከዋናው አዳራሽ ሩቅ ስለሆነ 10 ደቂቃ ተጨማሪ ይያዙ። ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው፦ 13:10 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው። የሮም ሰዓት ከአዳማ በበጋቸው አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የስልክዎ ሰዓት መስተካከሉን ያረጋግጡ።

ጣቢያው ከገደሉ ግርጌ ነው። ከፊት ለፊቱ በገመድ የሚጎተተው ፉኒኮላሬ በጥቂት ደቂቃ ፒያሳ ካሄን ያወጣዎታል። እዚያው አጠገብ የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ አለ፤ ብርታት ሳለ ከእሱ ይጀምሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1527 ሮም ስትዘረፍ ሸሽተው የመጡት የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 7ኛ፣ ከተማው ቢከበብ ውኃ እንዳያልቅ ብለው አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ የተባለውን አርክቴክት አስቆፈሩት፤ በ1537 ተጠናቀቀ። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥመዋል፦ ውኃ ሊቀዳ የሚወርደው በቅሎ ጭኖ ከሚወጣው ጋር አይገናኝም። 248 ደረጃ ወርዶ 248 መውጣት ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ አያጥርዎትም፤ የሚፈተነው ጉልበት ነው። ታችኛው ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ሹራብ ይያዙ።

ቀጥሎ ካቴድራሉ። የመሠረት ድንጋዩ በ1290 ተጣለ። በውስጡ ሉካ ሲኞሬሊ ከ1499 እስከ 1504 የሣለውን የፍርድ ቀን ለማየት ቢያንስ 40 ደቂቃ ይመድቡ፤ ሙታን ከመሬት እየተጎተቱ ሲወጡ የሚታየው ግድግዳ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ እዚህ ይጠቅማል። ጫማ ግን አይወልቅም።

ምሳ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ አያገኙም፤ ኩሽናው ይዘጋና ማታ ነው የሚከፈተው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ያልደረቀ ትኩስ ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ የአካባቢው ወፍራም ፓስታ ኡምብሪኬሊ ግን ከዱቄትና ከውኃ ብቻ ነው የሚሠራው። ቲማቲም ስጎ ያለበትን አዝዘው «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ፤ ያለዚያ አይብ ተነስንሶበት ይመጣል። የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ጓንቻሌ ወይም ቺንጋሌ የተጻፈበትን ይዝለሉ፤ ሁለተኛው የዱር አሳማ ነው።

በማግስቱ ቺቪታ። ከኦርቪዬቶ ወደ ባኞሬጆ የኮትራል አውቶቡስ አለ፤ እሑድና በበዓል ቀን ግን የለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ትኬቱን ቀድመው ይግዙ፤ መሳፈሪያውን ለማግኘት «ፌርማታ» ብለው ቢጠይቁ ይበቃል፤ ቃሉ የእነሱ ነውና። ባኞሬጆ ሲወርዱ ከ20 ደቂቃ በላይ በእግር ሄደው ድልድዩ ጋ ይደርሳሉ። ወደ ቺቪታ የሚገባው በእሱ ብቻ ነው፤ መኪና አያልፍም፤ የመግቢያ ክፍያም አለ። መጨረሻው ዳገት ስለሆነ የሚያንሸራትት ጫማ አያድርጉ።

ጣሊያኖች ቺቪታን «እየሞተች ያለች ከተማ» ይሏታል። በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታት በኋላ የከተማዋ ጳጳስም ሕዝቡም ወደ ባኞሬጆ ተሻገሩ። በ1274 ያረፈው የካቶሊኩ መነኩሴና ሊቅ የቅዱስ ቦናቬንቱራ ቤት የነበረበት ዓለት እንኳ ወደ ገደሉ ወርዷል። ዛሬ በቋሚነት የሚኖሩባት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አደባባዩን ካዩ በኋላ በመንደሩ ሌላኛው ጫፍ ወዳለው ገደል ይሂዱ፤ ከላይ ቱፎው፣ ከታች ግራጫው ሸክላ ተደራርበው ይታያሉ። ለዚህች ከተማ የመጡት ይህን ለማየት ነው።

የመመለሻ አውቶቡሱን ሰዓት ከኦርቪዬቶ ሳይነሡ ይጻፉት። የመጨረሻው ካመለጠዎት ባኞሬጆ ውስጥ ቡና ቤት ገብተው ታክሲ እንዲጠሩልዎ ይጠይቁ፤ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።